መንጠቆው ባዶውን ሲመለስ፦ በአዲስ አበባ ዙሪያ አሳ ለሚያጠምዱ ችግርና መፍትሄ

ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ የእረፍት ቀኑን በአሳ ማጥመድ ለማሳለፍ የሚፈልግ ሰው ብዙውን ጊዜ ፊቱን የሚያዞረው 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ወደምትገኘው ቢሾፍቱ ነው። ሆራ፣ ባቦጋያና ቢሾፍቱ የተባሉት ሐይቆች በእሳተ ገሞራ ጉድጓዶች ውስጥ የተፈጠሩ ሲሆኑ፣ ይህ አፈጣጠራቸው ከዚህ በታች ለሚነሱት ችግሮች ለአንዳንዶቹ ዋና ምክንያት ነው። ባዶ እጁን የተመለሰ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ዘንጉን ያማርራል፤ በእኔ አስተያየት ግን ውድ ዘንግ ከመግዛት በፊት የውሃው ጥልቀት፣ የመንጠቆው መጠንና ቋጠሮው መመርመር አለባቸው።

ቡሹ ከጠዋት ጀምሮ አልተነቃነቀም

ቡሹ፣ ማለትም ክሩ ላይ ታስሮ የሚንሳፈፈው ምልክት፣ ካልተነቃነቀ የተለመደው ምክንያት ክሩን አርቆ መወርወር ነው። በእነዚህ ሐይቆች ወለሉ ከዳርቻው ብዙም ሳይርቅ ቁልቁል ስለሚወርድና ጥልቁ ውሃ ኦክስጅን ስለሚያንሰው፣ መሀል ላይ የተጣለ ማባበያ አሳ በማይደርስበት ስፍራ ተንጠልጥሎ ይውላል። ቆሮሶ (ቲላፒያ የሚባለው አሳ) በአመዛኙ ምግቡን የሚፈልገው በዳርቻው፣ በተለይም ቄጠማ ባለበት አካባቢ በመሆኑ፣ መንጠቆውን ወደዚያ ማቅረብ፣ በመጀመሪያ ከቡሹ በታች አንድ ሜትር ያህል ማውረድ፣ ካልተነካም ጥልቀቱን በግማሽ ክንድ እየጨመሩ መሞከር ይሻላል። ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ያለው ጊዜ ለዚህ የሚመረጥ ስለሆነ ከአዲስ አበባ ገና ሳይነጋ መነሳት ያስፈልጋል።

ጊዜውም ጥልቀቱም ተስተካክሎ አሳው አሁንም እምቢ ካለ፣ ወሩን ማሰብ ይገባል። ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ቀዝቃዛ ሌሊቶች የላይኛው ውሃ ቀዝቅዞ ወደ ታች ሲሰምጥ፣ ኦክስጅን ያነሰው የታችኛው ውሃ ወደ ላይ ይወጣል። አሳው በውሃው ገጽ ላይ አፉን እየከፈተ አየር ሲፈልግ ከታየ ምግብ አያምረውም፤ እንደ ባቦጋያ ባሉ ሐይቆች በዚህ ምክንያት አሳ በብዛት የሞተበት ጊዜ አለ። መፍትሄው ዘንጉን ሰብስቦ ሌላ ቀን መምጣት ብቻ ነው፤ ሞቶ የተንሳፈፈውንም ለምግብ ማንሳት አይገባም።

ማባበያው ተበልቷል፣ አሳው ግን የለም

ቆሮሶ አፉ ትንሽ ነው፤ ማባበያውንም ከዳር ከዳር እየለቀመ ይጨርሳል። ለእርሱ ከ8 እስከ 12 ቁጥር ያለው መንጠቆ ይስማማዋል፤ ቁጥሩ በጨመረ መጠን መንጠቆው እንደሚያንስ ልብ ይሏል። ሊጡ ውሃ ውስጥ የሚሟሟ ከሆነ የስንዴ ዱቄቱን ጠጠር አድርጎ አቡክቶ በጣም ጥቂት የጥጥ ብናኝ ጨምሮ ማሸት፣ ከዚያም የሽምብራ ፍሬ ያህል ቆርሶ የመንጠቆውን ጫፍ ብቻ ማልበስ ነው። ቡሹ ሲንቀጠቀጥ መሳብ ማስደንገጥ ብቻ ነው፤ ሲሰምጥ ወይም ወደ ጎን ሲንሸራተት ግን የእጅ አንጓን ብቻ ተጠቅሞ ቀልጠፍ ብሎ ማንሳት ይበቃል። የቆሮሶ እናት ዕንቁላሏን በአፏ ይዛ ስለምታሳድግ፣ ከአፏ ዕንቁላል ወይም ጫጩት የሚወጣባት ከተያዘች ወዲያው ወደ ውሃው መልቀቅ ተገቢ ነው።

ክሩ ተበጥሶ አሳው አመለጠ

የተበጠሰውን ጫፍ ማየት ምክንያቱን ይነግራል። ጫፉ ተጠምዝዞ ከተጠቀለለ ቋጠሮው ተንሸራትቷል፤ ሻክሮ ከተገኘ ደግሞ ክሩ ድንጋይ ላይ ተፈትጓል፣ በፀሐይ የደረቀም ሊሆን ይችላል። ለመጀመሪያው መፍትሄው ክሩን በመንጠቆው ቀዳዳ አሳልፎ በራሱ ላይ አምስት ወይም ስድስት ጊዜ መጠምዘዝ፣ ጫፉን ከቀዳዳው አጠገብ በተፈጠረው ቀለበት ውስጥ መልሶ ማስገባት፣ በምራቅ አርሶም ቀስ ብሎ ማጥበቅ ነው። ናይለን በደረቁ ሲጠብቅ በፍትጊያው ይሞቅና ይደክማል። ለሁለተኛው ግን የተጎዳውን ክንድ ያህል ቆርጦ መጣል እንጂ ሌላ ዘዴ የለም። አምባዛ የተባለውን ጢማም አሳ ለሚጠብቅ ሰው ወፈር ያለ ክር ያስፈልገዋል።

ውሃው ይሸታል

የአባ ሳሙኤል ግድብ ሐይቅ ለአዲስ አበባ ቅርብ ቢሆንም የአቃቂ ወንዞች የከተማዋንና የፋብሪካዎችን ፍሳሽ ይዘው የሚገቡበት ስለሆነ፣ ከዚያ የተያዘን አሳ ለምግብ ማዋል አይመከርም፤ ከባድ ብረቶችን መጥበስ አያጠፋቸውም። ለገዳዲና ገፈርሳ ደግሞ የመጠጥ ውሃ ማጠራቀሚያዎች በመሆናቸው ያለ ፈቃድ ማጥመድ የሚታሰብባቸው አይደሉም።

አሳው ቤት ሲደርስ ተበላሽቷል

ጥፋቱ የመንገዱ ርዝመት ሳይሆን ፌስታሉ ነው። በፌስታል ታፍኖ በመኪና ሙቀት የቆየ አሳ ቢሾፍቱ ላይ ትኩስ የነበረ ቢሆንም ቃሊቲ ሲደርስ ይሸታል። ስለዚህ አሳው እንደተያዘ ወዲያው መግደል፣ ሆዱን ከፍቶ አንጀቱን፣ ከራሱ በኩልም ስንጥቡን (መተንፈሻውን) ማውጣት፣ በንጹሕ ውሃ አጥቦ በረዶ በተሞላ ሳጥን ውስጥ ማስቀመጥ ያስፈልጋል፤ በረዶው ሲቀልጥ ውሃው እየተደፋ አሳው እንዳይዘፈዘፍ መጠበቅ አለበት። ሲታረድ ሐሞቱ ከፈሰሰ ሥጋው ስለሚመር የነካውን ቦታ ሳይቆዩ ደጋግሞ ማጠብ፣ ካልለቀቀም ያንኑ ቆርጦ ማውጣት ነው።