ጠባዩ ያስቸገረን ልጅ መልካም ልማድ ለማስያዝ፦ ከከባዷ ሰዓት መነሳት

«ልጄ አስቸጋሪ ነው» የሚል ወላጅ ረጋ ተብሎ ሲጠየቅ፣ ልጁ ቀኑን ሙሉ አስቸጋሪ ሆኖ አይገኝም፤ አብዛኛውን ጊዜ ነገር የሚበላሽባት አንዲት የታወቀች ሰዓት አለች። በድሬዳዋ ይህች ሰዓት በብዙ ቤት ከምሳ በኋላ ያለችው ናት፦ ፀሐዩ የከተማዋን ሰፈሮች ከዚራንም መጋላንም እኩል ሲያቃጥል፣ አዋቂው አረፍ ሲል ወይም ጫት ለመቃም በርጫ ሲቀመጥ፣ ከትምህርት ቤት የተመለሰው ልጅ እንዳይወጣ ሙቀቱ፣ ቤት ውስጥ እንዳይሯሯጥ የተኙት ሰዎች ያግዱታል። በእጁ የሚቀረው ስልክ ነው፤ ጠቡም የሚነሳው ስልኩን ሲቀበሉት ነው።

የመጀመሪያው ሥራ አንድ ጠባይ ብቻ መምረጥ ነው። «ረባሽ ነው»፣ «አይሰማም»፣ «ባልጓል» የሚሉት ፍርዶች ናቸው፤ ለማረም የሚመች ግን የሚታይና የሚቆጠር ነገር ነው፤ ለምሳሌ «ስልኩን ሲቀበሉት ታናሽ እህቱን ይመታል» የሚለው። ስድቡና ጫማ መወርወሩ ለጊዜው ይቆዩ። አራት ነገር በአንድ ጊዜ ለማረም የተነሳ ቤት ሲቆጣ ይውላል፤ ልጁም ከቁጣው ሁሉ የትኛው እንደከበደ መለየት ያቅተዋል።

ጠባዩ ከተመረጠ በኋላ፣ ምንም ነገር ሳይለውጡ ለአንድ ሳምንት ያህል በደብተር መመዝገብ ያስፈልጋል። ሦስት አምድ ይበቃል፦ ከድርጊቱ በፊት ምን ነበር፣ ልጁ ምን አደረገ፣ ወዲያው ምን አገኘ። ወላጅን የሚያሳፍረው ብዙ ጊዜ ሦስተኛው አምድ ነው፤ ልጁ ከጮኸና ከመታ በኋላ «ይኸው ውሰድ፣ ብቻ ዝም በል» ተብሎ ስልኩ እንደተመለሰለት የሚያጋልጠው እርሱ ነውና። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ኤድዋርድ ቶርንዳይክ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1898 ድመቶችን በሳጥን እየዘጋ ያጠናው ነገርም ይኸው ነበር፤ ደስ የሚያሰኝ ውጤት ያስገኘ ድርጊት ይደጋገማል።

መዝገቡ በሚያዝበት ሳምንት የልጁንም አካል መመርመር ተገቢ ነው። ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ከ9 እስከ 12 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልገዋል፤ ቤቱ እስኪቀዘቅዝ በረንዳ ላይ አምሽቶ ከምሽቱ 5 ሰዓት የሚተኛና ንጋት 12 ሰዓት የሚቀሰቀስ ልጅ ግን የሚያገኘው 7 ሰዓት ብቻ ነው። እንዲህ ያለው ልጅ ከሰዓት በኋላ ቢነጫነጭ አያስደንቅም። ሲጠሩት የማይሰማውን ልጅ «ንቆኝ ነው» ከማለት በፊት ጆሮውን ማስመርመርም ብልህነት ነው።

አሁን ሰዓቷን ማደራጀት ይቻላል። ስልኩ የሚሰጥበትና የሚመለስበት ጊዜ ልጁ ራሱ ሊያውቀው በሚችል ምልክት ቢታሰር ይመረጣል፤ በድሬዳዋም ሆነ በሐረር ሙስሊሞችን ለከሰዓት በኋላው የ«አስር» ሶላት ከሚጠራው አዛን የተሻለ ምልክት አይገኝም፤ የሚሰማው ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ገደማ ሲሆን፣ እንደ እናት ስሜት ወዲያና ወዲህ አይልም። አዛኑ ሲሰማ ልጁ ስልኩን መደርደሪያ ላይ ያስቀምጣል፤ በዚያው ቅጽበት ደግሞ ሌላ ነገር ይጠብቀዋል፦ ፊቱንና እግሩን በቀዝቃዛ ውኃ መታጠብ፣ ሳምቡሳ ወይም ሙዝ፣ ከዚያም ጥላው በረዘመበት ግቢ ኳስ። ሲቀሙት የሚጮኽ ልጅ የሚተካለት ነገር እንዳለ ካወቀ በቀላሉ ይለቃል። ትእዛዙም ከማዶ የሚጮኹበት አይሁን፤ ቀረብ ብሎ፣ ዓይን ለዓይን ተያይቶ፣ ልጁ አፉን በፈታበት ቋንቋ፣ ባጭሩ «ስልኩን አስቀምጥ» ማለት ይበቃል። ካስቀመጠ «ጎበዝ» ብቻ ብሎ ማለፍ ትንሽ ነው፤ «አዛኑን ሰምተህ ሳልነግርህ አስቀመጥክ» ሲባል ምን እንደተወደደለት ያውቃል። በግድግዳ ወረቀት ላይ ለያንዳንዱ የተሳካ ቀን ምልክት አድርጎ፣ አምስት ሲሞላ ዓርብ ከአባቱ ጋር በባጃጅ እንዲዞር ማድረግ ለትናንሽ ልጆች ይሠራል።

ሁሉም የሚፈርሰው ግን እዚህ ላይ ነው። ልማዱን ማጽናት በተጀመረ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጠባዩ ሊብስ ይችላል፤ ድሮ በአንድ ጩኸት ያገኘውን ልጁ አሁን በአምስት ሊያገኘው ይሞክር ይሆናል። በሦስተኛው ቀን አያት «ልጁን ገደላችሁት» ብለው ስልኩን ቢሰጡት፣ ልጁ የሚማረው አምስት ጊዜ መጮኽ እንደሚያዋጣ ነው። ስለዚህ ከመጀመሩ በፊት እማማን፣ አክስትን፣ ሠራተኛዋንም ሳይቀር ቁጭ አድርጎ መነጋገር ግድ ነው፤ ለአያት የልጁን ምልክት የመለጠፍ ሥራ መስጠት ደግሞ ከክርክር ይሻላል። የበርጫውም ነገር በግልጽ መነሳት አለበት። በምርቃና ሰዓት ተስቆ የታለፈ ጥፋት ማለዳ በሐራራ ሰዓት በኩርኩም ከተቀጣ፣ ልጁ የሚያጠናው የቤቱን ሕግ ትቶ የአባቱን ፊት ነው።

እህቱን ከመታ ቅጣቱ አጭርና የታወቀ ይሁን፤ ለምሳሌ የዕለቱ ምልክት ይቀራል፣ ለነገም ስልኩ በ15 ደቂቃ ይቀነሳል። መምታትን በመምታት ለማስተው መሞከር እርስ በርሱ ይቃረናል። «ቅጡልኝ» ብሎ ለመምህር አደራ መስጠትም አይገባም፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ልጆች በትምህርት ቤት አካልን ከሚጎዳ ቅጣት ነፃ እንዲሆኑ ደንግጓል።

ስንት ጊዜ ይፈጃል? በለንደን 96 ሰዎች የተሳተፉበትና እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2010 የታተመ ጥናት፣ አዲስ ልማድ ለመጽናት ከ18 እስከ 254 ቀን ሊወስድ እንደሚችል ገምቷል፤ ተሳታፊዎቹ አዋቂዎች ስለነበሩ ቁጥሩን እንዳለ ለልጅ ማዋል አይቻልም፤ በሁለት ሳምንት ተስፋ ላለመቁረጥ ግን ይረዳል። በመሃል አንድ ቀን ቢዘለል ካለፈው ምልክት አንድም አይፋቅ።

ለሁለትና ሦስት ወር በጽናት ተሞክሮ ለውጥ ካልታየ፣ ወይም ልጁ ራሱን ወይም ሌላውን ክፉኛ የሚጎዳ፣ ይናገር የነበረውን ቋንቋ የተወ፣ በቤትም በትምህርት ቤትም ለአፍታ መቀመጥ ያቃተው ከሆነ፣ ድሬዳዋ ያለ ቤተሰብ ወደ ድል ጮራ ሆስፒታል፣ ሐረር ያለ ደግሞ ወደ ሕይወት ፋና ሆስፒታል ሄዶ ሐኪም ያማክር። ያንን ባለ ሦስት አምድ ደብተርም ይዞ ይሂድ፤ ሐኪሙ ከሚጠይቃቸው ጥያቄዎች የብዙዎቹን መልስ እዚያው ያገኘዋል።