ቮልስ ላላችሁ፦ ቀይዋን መብራት አትናቋት

ቮልስ የምትነዱ ሰዎች፣ መኪናው ውስጥ ትርፍ ቺንጋ (የሞተሩ ቀበቶ)፣ 21 ቁልፍና ካቻቢቴ አይጥፋ።

በሌላ መኪና የባትሪዋ ቀይ መብራት ብትበራ ብዙ ጊዜ ዲናሞው አልሞላም ማለት ነው፤ እንደምንም ቤት ይደረሳል። በቮልስ ግን አይሞከርም። ራዲያተር የለውማ! ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ማራገቢያ ዲናሞው ላይ ነው የተገጠመው፤ ሁለቱንም የምታዞረው ያቺው አንድ ቺንጋ ናት። እሷ ተበጥሳ የእንጦጦን ዳገት እወጣለሁ ካላችሁ ሞተሩን ተሰናበቱት። ወዲያው ጥግ ይዛችሁ አጥፉ።

የኋላውን ኮፈን ስትከፍቱ አላፊ አግዳሚው ሁሉ መካኒክ ይሆናል። የቮልስ ደስታው አንዱ እሱ ነው፤ ቁልፉን ግን አትስጡ።

ሞተሩ ትንሽ ይብረድ። ካቻቢቴውን የዲናሞው ፑሌጃ (ቺንጋዋ የምትጠመጠምበት ክብ ብረት) ጠርዝ ላይ ባለው ክፍተት አስገብታችሁ እንዳይዞር ያዙት፤ ከዚያ ዳዶውን ፍቱ። ፑሌጃው ለሁለት ይከፈላል። መሃሉ ላይ ስስ ሮንዴላዎች (መሃላቸው ቀዳዳ የሆነ ክብ ብረቶች) ታገኛላችሁ። አዲሱ ቺንጋ ከላላ ከመሃል አንዱን አውጥታችሁ ወደ ውጭ በኩል አዙሩት፣ ከጠበቀ ደግሞ በተቃራኒው። የተረፈውን እንዳትጥሉት፣ ሁሉም እዚያው ዳዶው ስር ይታሰራል። ቺንጋው በአውራ ጣት ሲጫኑት አንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል ከገባ ልክ ነው።