«ኮንፎርሚስቱ»ን ለፊልም ክበብ ስታሳዩ፦ ቅጂ፣ ስክሪንና የአማርኛ ሰብታይትል

ጣሊያናዊው ዳይሬክተር በርናርዶ ቤርቶሉቺ እ.ኤ.አ. በ1970 የሠራው «ኮንፎርሚስቱ» (ከሰው ላለመለየት የሚጥር ሰው ማለት ነው) አብዛኛውን ነገር የሚናገረው በብርሃንና በጥላ ነው። የፋሺስት ሰላይ የሆነው ማርቼሎ የቀድሞ መምህሩን ፕሮፌሰር ኳድሪን ለማስገደል ከሮም ፓሪስ ይሄዳል። ፕሮጀክተሩ በግዴለሽነት ከተስተካከለ ግን ይህ ሁሉ ጭጋግ ይሆናል።

መጀመሪያ ቅጂውን መርምሩ። ሙሉው 111 ደቂቃ ገደማ ነው። አሜሪካ መጀመሪያ ሲታይ ግን ዓይነ ስውራን ከሠርጉ በፊት በምድር ቤት የሚያደርጉት ግብዣ፣ 5 ደቂቃ ያህል፣ ተቆርጦ ነበር፤ የተመለሰው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ነው። ፋሺዝምን በሬዲዮ የሚሰብከው የማርቼሎ ወዳጅ ኢታሎ ዓይነ ስውር ስለሆነ፣ ያ ግብዣ ካልታየ የፊልሙ መጨረሻ ጉልበቱ ይቀንሳል። የደቂቃውን ቁጥር ብቻ አይታችሁ አትፍረዱ። የአውሮፓ ዲቪዲ በሰከንድ 24 ፍሬም (ነጠላ ምስል) የተቀረጸውን በ25 ስለሚያጫውት ሙሉው ፊልም እንኳ 107 ደቂቃ አካባቢ ያልቃል። ግብዣው ያለበትን ቦታ ፈልጋችሁ በዓይናችሁ እዩት።

ይኸው ፍጥነት ሰብታይትሉንም ያበላሻል። በ24 ፍሬም የተሰላ ሰብታይትል 25 ፍሬም ላይ ሲጫን በየደቂቃው 2.4 ሰከንድ ይዘገያል፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ልዩነቱ ከ2 ደቂቃ ያልፋል። መነሻውን ወደፊትና ወደኋላ ማንሸራተት አያድነውም፣ ምክንያቱም ስህተቱ እያደገ የሚሄድ ነው። «ሰብታይትል ኤዲት»ን በመሰለ ፕሮግራም የፍሬም ፍጥነቱን ከ24 ወደ 25 ቀይሩት፤ ሰዓቱ ሁሉ በ0.96 ይባዛል። ፋይሉን በዩቲኤፍ-8 (የግዕዝ ፊደልን በሚይዝ የጽሑፍ ኮድ) አስቀምጡ፣ አለዚያ ፊደሉ በሳጥንና በጥያቄ ምልክት ይተካል።

ማመሳሰያ ስትፈልጉ ከንፈር አትከተሉ። በዚያ ዘመን የጣሊያን ፊልም ድምፅ በስቱዲዮ ከቀረጻ በኋላ ይገባ ነበር፤ ዋናው ተዋናይ ዣን ሉዊ ትረንቲኛም ፈረንሳዊ ነውና በጣሊያንኛው ድምፅ የሚናገርለት ሌላ ሰው ነው። ከንፈሩን እያዩ ሲያስተካክሉ ማደር ከንቱ ድካም ነው። የበር መዘጋትን ወይም የእርምጃ ድምፅን ያዙ።

የምስሉ ስፋትና ቁመት 1.66 ለ1 ነው። ስክሪናችሁ 16 በ9 ሆኖ ስፋቱ 3 ሜትር ከሆነ፣ ምስሉ 2.80 ሜትር ያህል ይዞ በግራና በቀኝ 10 ሴንቲሜትር ጥቁር ይተዋል። ጥቁሩ ከሌለ ወይ ሰዎቹ ተለጥጠዋል፣ ወይ ከላይና ከታች ተቆርጧል። የፕሮጀክተሩን «ዳይናሚክ» ሁነታ አጥፉ፣ ቀለሙን «ዋርም» ላይ አድርጉ። ካሜራማኑ ቪቶሪዮ ስቶራሮ ፓሪስን በሰማያዊ ያጥለቀልቃታል፤ ፕሮጀክተሩ «ኩል» ላይ ከሆነ ሮምም አብራ ሰማያዊ ትሆንና የሁለቱ ከተሞች ልዩነት ይጠፋል። አዳራሹ ድቅድቅ ይበል። ፕሮፌሰሩ ቢሮ ውስጥ ስለ ፕላቶ ዋሻ (ግድግዳ ላይ ያለ ጥላን እውነት ስለሚመስላቸው እስረኞች ምሳሌ) ሲነጋገሩ መስኮት ይከፈትና የማርቼሎ ጥላ ከግድግዳው ላይ ይጠፋል። ከበሩ ስር ብርሃን የሚገባበት ክፍል ውስጥ ይህ አይታይም።

አጫዋቹን ሁለት ነገር አስጠንቅቁት። መክፈቻው ላይ ከሆቴሉ ውጭ ያለ ቀይ መብራት እየበራ እየጠፋ ማርቼሎ ላይ ይወድቃል፤ ፕሮጀክተሩ አልተበላሸም። ወደ እናቱ ቤት በሚሄድበትም ምስሉ ዘሞ ይታያል። ካሜራው ነው የዘመመው፣ የፕሮጀክተሩን ማቆሚያ አትንኩ።

አሁን ወደ ትርጉሙ፣ ከባዱ ወደዚያ ነው። በአንድ መስመር ከ30 ፊደል አትለፉ፣ ከሁለት መስመርም አትብለጡ። አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ስለሚያመጣ ዓረፍተ ነገሩን ለሁለት ሰብታይትል ከከፈላችሁት ተመልካቹ ማን ምን እንዳደረገ ሳያውቅ ይጠብቃል፤ በሁለት አጭር ዓረፍተ ነገር አድርጉት። ማርቼሎ ፕሮፌሰሩን «እርስዎ» ይበል፣ ሚስቱን ጁሊያን «አንቺ»፤ በኑዛዜው ትዕይንት «አባ» እና «ልጄ» ይበቃሉ።

ዋናው ወጥመድ ርዕሱ ነው። ማርቼሎን «ባንዳ» የማለት ፈተና ይመጣል። ቃሉም ከጣሊያንኛ የመጣ፣ ዘመኑም ያው ዘመን ነው። ነገር ግን ባንዳ ለባዕድ ያደረ ነው፤ ማርቼሎ ለገዛ አገሩ መንግሥት ነው የሚሠራው። «ሆድ አደር»ም አይሆንም፣ የሀብታም ቤት ልጅ ነው። እሱ የሚፈልገው ከሰው አለመለየት ነው፤ «እንደ ሰው መሆን» የሚለው ሐረግ በየቦታው ይደገም። ርዕሱን «ኮንፎርሚስቱ» ብላችሁ ተዉት።

ከፊልሙ በፊት 5 ደቂቃ መግቢያ ይበቃል። ታሪኩ እ.ኤ.አ. በ1938 (በእኛ 1930/31 ዓ.ም.) በመኪና ጉዞ ላይ ተንጠልጥሎ ወደኋላ እየተመለሰ፣ እስከ እ.ኤ.አ. 1917 ልጅነቱ ድረስ ይሄዳል፤ ይህን አስቀድማችሁ ካልተናገራችሁ ብዙ ሰው መንገድ ላይ ይቀራል። መነሻው የአልቤርቶ ሞራቪያ ልቦለድ ነው። የደራሲው የአክስት ልጆች የሆኑት ካርሎና ኔሎ ሮሴሊ ሰኔ 2 ቀን 1929 ዓ.ም. ፈረንሳይ ውስጥ ለሙሶሊኒ መንግሥት ሲባል ተገድለዋል፤ የካቲት 12 በአዲስ አበባ ከሆነ አራት ወር ሳይሞላ ማለት ነው። ይህን አንድ ጊዜ ተናግራችሁ እለፉት፣ ፊልሙ ስለ ኢትዮጵያ አይደለም።

መጨረሻው ሙሶሊኒ በወደቀበት ሌሊት፣ ሐምሌ 18 ቀን 1935 ዓ.ም. ነው። ማርቼሎ ኢታሎን መንገድ ላይ «ፋሺስት!» ብሎ ጮሆ ያጋልጠዋል፣ ከዚያ እሳት አጠገብ ተቀምጦ ዞሮ ያያል። መብራት የሚያበራው ሰው እጁን ማብሪያው ላይ አያሳርፍ፤ ስሞቹ አልቀው ስክሪኑ እስኪጠቁር ይጠብቅ።