በባሕር ዳር የማሳጅ ሙያን ተምሮ ሥራ ለመጀመር

የማሳጅ ሥልጠና ለመግባት የሚያስብ ሰው ከክፍያው አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው፣ የሰውነት አሠራር ትምህርት በምን ያህል ጥልቀት እንደሚሰጥ፣ በአሠልጣኝ ፊት ሰው እያሹ የሚለማመዱበት በቂ ሰዓት መኖሩን፣ እንዲሁም ተቋሙ ተመራቂዎቹን ለብቃት ምዘና ማለትም ለሲኦሲ የሚያቀርብ መሆኑን ነው።

የስዊድን ማሳጅ የሚባለው መሠረታዊ ዓይነት በአምስት የእጅ አሠራሮች ላይ የቆመ ነው፤ እነርሱም ረጅም ዳበሳ፣ ጡንቻን እንደ ሊጥ ማሸት፣ ፍትጊያ፣ ቀላል ምትና ንዝረት ናቸው። እግርና ክንድ ሲዳበስ ግፊቱ ወደ ልብ አቅጣጫ ይሆናል፤ እጅ ሲመለስ ግን ከቆዳው ሳይነሣ ይቀላል። ጀማሪዎች በአውራ ጣታቸው ጉልበት መሥራት ስለሚቀናቸው የገዛ መገጣጠሚያቸውን ይጎዳሉ። ስለዚህ አልጋው ባለሙያው ቀጥ ብሎ ቆሞ እጁን ቁልቁል ሲለቅ ቡጢው የሚነካው ያህል ከፍታ ሊኖረው ይገባል፤ ከዚያ አንድ እግሩን ወደፊት አስቀድሞ የሰውነቱን ክብደት በመዳፉ በኩል ያሳርፋል።

ከሁሉ በላይ መጠናት ያለበት ግን መቼ እንደማይታሽ ነው። ከአዲስ አበባ ቀኑን ሙሉ በአውቶቡስ ተቀምጦ የመጣ እንግዳ አንዱ ባቱ ብቻ አብጦ፣ ሞቆና አሞት «እግሬን እሸኝ» ቢል፣ በደም ሥሩ ውስጥ የረጋ ደም ሊኖር ስለሚችልና እሽታው ነቅሎ ወደ ሳንባ ሊሰደው ስለሚችል፣ ሳይነኩት በፍጥነት ወደ ፈለገ ሕይወት ወይም ወደ ጥበበ ግዮን ሆስፒታል መላክ ግዴታ ነው። ትኩሳት፣ ክፍት ቁስልና ተላላፊ የቆዳ በሽታ ያለበትም አይታሽም። ስብራትና ውልቃት የሐኪም ሥራ ስለሆነ ደንበኛ ቢለምን እንኳ መሞከር አይገባም፤ ነፍሰ ጡርን ማሸትም የራሱ ሥልጠና ይፈልጋል።

አንዳንድ ሰው ማሳጅ ቤትን በጥርጣሬ እንደሚያይ የታወቀ ነው፤ ይህንንም የሚያርመው የባለሙያው ሥነ ምግባር ነው። ከመጀመሩ በፊት የትኛው የሰውነት ክፍል እንደሚታሽ ነግሮ ፈቃድ መጠየቅ፣ ከሚታሸው ክፍል በቀር ሌላውን በፎጣ መሸፈን፣ ደንበኛው ከወሰን ካለፈም ሥራውን ወዲያው ማቋረጥ ይገባል። ባለሙያዋ ወጣት ሴት ስትሆን፣ ቀጣሪዋ ይህን መብቷን እንደሚያከብርላት ሥራውን ከመቀበሏ በፊት ማረጋገጧ እጅግ አስፈላጊ ነው።

በጣና ዳር ያሉት ሆቴሎችና ሪዞርቶች ለጀማሪ ጥሩ የመቀጠሪያ ቦታ ናቸው። ይሁን እንጂ የቱሪስት ገበያ ስለሚዋዥቅ በከተማው ነዋሪ ላይ መመሥረት ይሻላል፦ ወገቡን የሚያመው የባጃጅ ሹፌር፣ አንገቱ የሚደነድነው ልብስ ሰፊ፣ ጭኑ የሚዝለው ብስክሌተኛ ሁሉ ደንበኛ ሊሆን ይችላል። ለእነዚህ የሰሊጥ ዘይት ይበቃል፤ ለአዲስ ደንበኛ ግን ጥቂት ጠብታ በክንዱ ውስጠኛ ገጽ ቀብቶ የሚያሳክከው ወይም የሚያቀላው መሆኑን በማግስቱ ማየት ይገባል።