ገመድ አልባ ኪቦርድ ፊደል ሲውጥ፦ ችግርና መፍትሄ

ጎንደር ውስጥ ፒያሳም ሆነ ማራኪ አካባቢ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ብትገቡ፣ ገመድ አልባ ኪቦርድ አታጡም። ጠረጴዛው ላይ ገመድ ስለማያበዛ ይመቻል። ችግሩ የሚመጣው የመመረቂያ ጽሑፍ ነገ የሚያስረክብ ተማሪ አጠገባችሁ ቆሞ ኪቦርዱ ፊደል መዋጥ ሲጀምር ነው። ብዙ ሰው ወዲያው «ተበላሽቷል» ብሎ አዲስ ይገዛል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ኪቦርዱ ደህና ነው፤ የተቸገረው ሲግናሉ ነው። ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት እስቲ ይህን ሞክሩ።

በእርግጥ ሲግናል ነው?

በአማርኛ የሚጽፍ ሰው ይህን ቶሎ ያውቃል። ብዙዎቻችን በድምፅ ነው የምንጽፈው፤ መጀመሪያ ተነባቢውን፣ ከዚያ አናባቢውን እንነካለን። አናባቢው መንገድ ላይ ከጠፋ ፊደሉ ሳድስ ሆኖ ይቀራል። «ጎንደር» ብላችሁ «ጎንድር» ከወጣ፣ «ሰላም» ደግሞ «ስላም» ከሆነ፣ አንድ ምት ተውጧል ማለት ነው።

ሁልጊዜ የሚጠፋው ያው አንድ ቁልፍ ከሆነ ቁልፉ ሥር አቧራ ገብቷል ወይም ቁልፉ አርጅቷል። አንዴ ይህኛው አንዴ ያኛው ከሆነ ግን ሲግናል ነው። «ህህህህህ» እያለ መደጋገምም ከዚሁ ሊመጣ ይችላል። ኪቦርዱ ቁልፉ ሲነካም ሲለቀቅም መልእክት ይልካል። «ተለቀቀ» የሚለው ካልደረሰ፣ ኮምፒውተሩ ጣታችሁን ያላነሳችሁ ይመስለዋል።

ለማረጋገጥ ኪቦርዱን ሪሲቨሩ (ኮምፒውተሩ ዩኤስቢ ላይ የምትሰካው፣ የኪቦርዱን ሲግናል የምትቀበለው ትንሽ ዕቃ) አጠገብ፣ አንድ ስንዝር ያህል አስጠግታችሁ ጻፉ። ከተስተካከለ ጥፋቱ የቦታ ወይም የረብሻ ነው። ካልተስተካከለ ወደ ባትሪው እለፉ።

ሲጠጋ ይሠራል፣ ሲርቅ ይውጣል

ሪሲቨሩ ያለው ሲፒዩው ጀርባ፣ ሲፒዩው ደግሞ ጠረጴዛ ሥር ነው አይደል? ሳጥኑ ብረት ነው፤ የጠረጴዛው እግርም እንዲሁ። እግራችሁ ራሱ ሲግናል ይመጥጣል። ካርቶኑ ላይ «10 ሜትር» የሚለው መሀል ላይ ምንም ሳይጋርድ ነው። ሪሲቨሩን ወደ ፊት ለፊቱ ፖርት አዙሩት። ከዚህም የሚሻለው አጭር የዩኤስቢ ኤክስቴንሽን ገመድ ነው፤ ሪሲቨሩን ጠረጴዛው ላይ፣ ኪቦርዱን በቀጥታ በሚያይበት ቦታ ያወጣላችኋል። እኔ ከሁሉም የማስቀድመው ይህን ነው።

ሃርድ ዲስክ ወይም ፍላሽ ሲሰካ ይብሳል

ይህኛው ብዙ ሰው የማይጠረጥረው ነው። ደንበኛው ሃርድ ዲስኩን ይሰካል፣ ፋይል መገልበጥ ይጀምራል፣ ኪቦርዱ ያብዳል። ሃርድ ዲስኩ ሲነቀል ሁሉም ሰላም ይሆናል። ኪቦርዱ የሚሠራው በ2.4 ጊጋኸርዝ ነው። ዩኤስቢ 3.0 ደግሞ ዳታ ሲያስተላልፍ ልክ በዚያው አካባቢ የሬዲዮ ረብሻ ይለቃል። ኢንቴል ራሱ በ2012 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፍ ይህን አሳይቷል።

ዩኤስቢ 3.0 ፖርት አብዛኛውን ጊዜ ውስጡ ሰማያዊ ነው። ሪሲቨሩን ከሰማያዊው አውጡትና ጥቁሩ ላይ ሰኩት፤ ከሃርድ ዲስኩም አርቁት። የላፕቶፑ ፖርቶች ሁሉ ሰማያዊ ከሆኑ ያው ኤክስቴንሽን ይፈታዋል። ተራው የዩኤስቢ 2.0 ገመድ ይበቃል፤ ውዱን አትግዙ።

አጠገቡም ሆኖ ይውጣል

ባትሪ ድንጋዩን ቀይሩ። ርካሹ የካርቦን ድንጋይ ቶሎ ይደክማል፤ አልካላይን ይሻላል። ሁለት ከሆኑ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ቀይሩ፤ አዲሱን ከአሮጌ ጋር አታጣምሩ። ሽፋኑን ስትከፍቱ ሽቦው ላይ ነጭ ዱቄት ካያችሁ አልካላይኑ አፍስሷል። በእጃችሁ አትንኩት። ጥጥ በትንሹ አቼቶ ወይም ሎሚ ነክራችሁ ጥረጉት፤ በደንብ ሳይደርቅም አዲሱን አትክተቱ።

ሰው ሲበዛ ይብሳል

ዋይፋዩም በዚያው 2.4 ላይ ከሆነ መጨናነቅ አለ። ራውተሩን ከሪሲቨሩ ራቅ አድርጉ፤ የሚችል ከሆነ ወደ 5 ጊጋኸርዝ አዙሩት። ሆትስፖት የከፈተ ስልክም ኪቦርዱ ጎን አይቀመጥ።

ትንሽ ቆይታችሁ ስትመለሱ የመጀመሪያዎቹን ፊደላት ይበላል

ዊንዶውስ ኃይል ለመቆጠብ ፖርቱን እያስተኛው ነው። ዲቫይስ ማኔጀር ግቡ፣ ዩኤስቢ ሩት ሀብን ክፈቱ፣ ፓወር ማኔጅመንት ውስጥ ኮምፒውተሩ መሣሪያውን እንዲያጠፋ የሚፈቅደውን ምልክት አንሱ።

መብራት ሄዶ ሲመጣ ጭራሽ አይሠራም

ይህ የሲግናል ድክመት ይመስላል እንጂ አይደለም። የማዘርቦርዷ ትንሽ ባትሪ ያለቀባት አሮጌ ኮምፒውተር መብራት ሲመለስ «ኤፍ 1ን ተጫን» ብላ ትቆማለች። የብሉቱዝ ኪቦርድ ዊንዶውስ ሳይነሳ ብዙውን ጊዜ አይታወቅም፤ ስለዚህ ብትነኩትም መልስ የለም። ለዚያች ቅጽበት ባለገመድ ኪቦርድ ሰክታችሁ እለፉ፤ ከዚያ ባትሪዋን አስቀይሩ። ሪሲቨር ያለው ከሆነ ደግሞ ነቅላችሁ መልሳችሁ ሰኩት።

ሁሉም ካልሠራ ኪቦርዱን ከነሪሲቨሩ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሞክሩት። እዚያም ከዋጠ ያን ጊዜ አዲስ ግዙ። ሪሲቨሩን ብቻ ከሌላ ኪቦርድ ላይ አውጥቼ ልጠቀም ብትሉ ግን አብዛኛው አይግባባም፤ ከየራሱ ኪቦርድ ጋር ተጣምሮ ነው ከፋብሪካ የሚወጣው።