ክሊቭላንድ ከሄዳችሁ መኪና አትከራዩ

ኦሃዮ ዘመድ ልትጠይቁ የምትሄዱ ካላችሁና ክሊቭላንድ ላይ አንድ ቀን ካገኛችሁ፣ መኪና ከመከራየታችሁ በፊት ይቺን አንብቡ። ከሆፕኪንስ ኤርፖርት ቀዩ መስመር የሚባለው ባቡር ይነሳል። ዌስት 25ኛ ኦሃዮ ሲቲ ፌርማታ ላይ ውረዱ። ቢራ ለመቅመስ ለእኔ ከዚህ ሰፈር የሚበልጥ የለም፤ ጠማቂዎቹ በእግር የሚደረስ ርቀት ላይ ናቸው፣ ጠጥቶ መንዳትም አይኖርም።

መጀመሪያ ግሬት ሌክስ ጠማቂዎች ጋ ግቡ። እ.ኤ.አ. በ1988 የተከፈተ፣ የኦሃዮ የክራፍት ቢራ (በትንንሽ ጠማቂዎች የሚዘጋጅ ቢራ) ፈር ቀዳጅ ነው። ሙሉ ብርጭቆ አትዘዙ። በትንንሽ ብርጭቆ የተለያየ ዓይነት እንዲቀዳላችሁ ጠይቁ። የአገር ቤት ቢራ የለመደ ሰው ዶርትሙንደር ላገር ከሚባለው ወርቃማ ቢራ ቢጀምር አይከብደውም። ከዚያ ጥቁሩን፣ ኤድመንድ ፊትዝጀራልድ ፖርተርን ሞክሩ፤ የተቆላ ቡና ቃና አለው። ስሙ በ1975 የብረት ማዕድን ጭኖ ሱፒሪየር ሐይቅ ላይ ከ29 ሠራተኞቹ ጋር የሰጠመው መርከብ ስም ነው። በርኒንግ ሪቨር («የሚነድ ወንዝ») የሚባለው ቢራ ደግሞ በፋብሪካ ዘይትና ቆሻሻ የተበከለው የከተማዋ የካያሆጋ ወንዝ በ1969 በእሳት መያያዙን ያስታውሳል።

በባዶ ሆድ አትጠጡ! እዚያው አጠገብ ከ1912 ጀምሮ የሚሠራው ዌስት ሳይድ ገበያ አለ። ማክሰኞና ሐሙስ ስለሚዘጋ ቀን ምረጡ። ፓስፖርት ወይም መታወቂያ ያዙ፤ ከ21 ዓመት በታች ቢራ አይሸጥም። ሰዓት ከተረፋችሁ ወደ ኤጅዋተር ዳርቻ ሄዳችሁ ኢሪ ሐይቅን እዩ፤ በጋም ቢሆን ነፋስ ስላለ ጃኬት አትርሱ።