ለመጀመሪያ ማራቶን ስትዘጋጁ የሚያስጨንቁ ሕመሞች፦ ችግርና መፍትሄ

ማለዳ ጣና ዳር ሶምሶማ ከሚወጡ ጀማሪዎች ጋር ወሬ ከተጀመረ ጥያቄው አይቀርም፦ «እዚህ ጋ ያመኛል፤ ላቁም ወይስ ልቀጥል?» 42.195 ኪሎ ሜትር ለመሮጥ የተነሳ ሰው ጉዳት ቢፈራ አይፈረድበትም። ግን የሚያም ሁሉ ጉዳት አይደለም። ሕመሙ የት እንደሆነ፣ መቼ እንደሚመጣና በማግስቱ ጠዋት እንዴት እንደሚያድር ካያችሁ ብዙው ነገር ይለያል።

ሁለቱም እግር ተሳስሮ ማደር

ከረጅም ሩጫ በኋላ ሁለቱም ጭንና ባት እኩል ካመማችሁ፣ ደረጃ መውረድም ከከበዳችሁ፣ ጡንቻው ያልለመደውን ሥራ ሠርቶ ነው። ሁለተኛው ቀን ላይ ሊብስ ይችላል፤ ከዚያ ይለቃል። ወክ አድርጉ፣ በደንብ ብሉ፣ ተኙ።

የቅልጥም ሕመም

ብዙ ጀማሪ የሚቸገረው በዚህ ስለሆነ ረዘም ላድርገው። ቁጭ በሉና ካልሲያችሁን አውልቁ። የቅልጥማችሁን አጥንት የውስጥ ጠርዝ ከጉልበት በታች ጀምራችሁ እስከ ቁርጭምጭሚት በአንድ ጣት ጫን ጫን እያላችሁ ውረዱ። ሕመሙ ስንዝር ለሚያህል ቦታ ከተዘረጋና ሰውነት ሲሞቅ ቀለል ካለ፣ የአጥንቱ ሽፋንና አብሮት ያለው ጡንቻ ተቆጥቶ ነው። አንዲት ሳንቲም በምትሸፍነው ቦታ ላይ ብቻ ከሆነ፣ በሮጣችሁ ቁጥር ከባሰ፣ ተኝታችሁም ከጠዘጠዛችሁ ግን የአጥንት ስንጥቅ ሊሆን ይችላል።

የሁለቱም መነሻ አብዛኛውን ጊዜ ኪሎ ሜትር ቶሎ መጨመር ነው። ትንፋሽ በጥቂት ሳምንታት ይከፈታል፤ አጥንትና ጅማት ግን ወራት ይፈልጋሉ። ትንፋሻችሁ አልደከመም ማለት አጥንታችሁ ተዘጋጅቷል ማለት አይደለም። በቂ ሳይበሉ መሮጥም አጥንትን ያዳክማል። ሁዳዴ የምትጾሙ ከሆነ ከባዱን ልምምድ ማዕድ ወደሚቀርብበት ሰዓት አስጠጉት። የወር አበባዋ የተቋረጠባት ሯጭ ደግሞ ሐኪም ታማክር።

ለተዘረጋው ሕመም ሳምንታዊውን ርቀት በግማሽ ቀንሱ፤ ከአስፋልትና ከኮብልስቶን ወደ አፈር መንገድ ውጡ፤ እያወራችሁ መሮጥ ከምትችሉት ፍጥነት አትለፉ። ሕመሙ አንድ ነጥብ ላይ ከሆነ ሩጫው ይቁምና የአጥንት ሐኪም ይያችሁ። ራጅ በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ሳምንታት ስንጥቁን ላያሳይ ስለሚችል «ራጁ ደህና ነው» ስለተባለ ብቻ አትመለሱ። ወጌሻ ጋ መሄድም እዚህ ላይ አይሆንም። ወጌሻዎቻችን በወለምታ ስንቱን ሰው ረድተዋል፤ አከብራቸዋለሁ። የተሰነጠቀ አጥንት ግን አይታሽም።

የጉልበት ውጪኛ ጎን ሲወጋ

ባሕር ዳር ካለው ከቤዛዊት ኮረብታ ስትወርዱ የሚጀምረው ዓይነት ነው። ከዳሌ እስከ ጉልበት በውጭ በኩል የሚወርደው ጅማት ተቆጥቶ ነው። ቁልቁለቱን ለጊዜው ተዉት። በጎን ተኝታችሁ የላይኛውን እግር ቀጥ አድርጋችሁ ቀስ ብላችሁ አንሱና መልሱ፤ የዳሌ ጡንቻ ሲጠነክር ጉልበት ያርፋል። የአስፋልት ጠርዝ ያዘነበለ ስለሆነ ሁልጊዜ በአንድ ወገን አትሩጡ።

ጠዋት ተረከዝ መርገጥ ሲያቅት

ሕመሙ ከተረከዝ በላይ ባለው ጅማት ላይ ከሆነ ሙሉ ለሙሉ መተኛት አያድነውም። ደረጃ ጫፍ ላይ ቆማችሁ ተረከዛችሁን በቀስታ አንሱ፣ አውርዱ። የፍጥነት ልምምዱ ግን ይቆይ። ሕመም በማስታገሻ አፍኖ መሮጥን በፍጹም አልመክርም። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ጉዳቱን ይደብቃሉ፤ ላብ ባሟጠጠው ሰውነት ላይ ደግሞ ኩላሊት ሊጎዱ ይችላሉ።

ትኩሳት ያለው ቁርጥማት

መገጣጠሚያችሁን ሁሉ እየቆረጠማችሁ ብርድ ብርድ ካላችሁ ጥፋቱን በሩጫ አታላክኩ። ባሕር ዳር ወባ ያለበት ከተማ ነው። በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ደማችሁን ተመርመሩ።

የመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት

ልምምድ ሲቀነስ ሐሳብ ይበዛል። ትናንት ጉልበት፣ ዛሬ ቁርጭምጭሚት፣ ነገ ባት ይላል። እንዲህ ቦታ የሚቀያይር ሕመም በአብዛኛው የጭንቀት ነው። ሃያ ደቂቃ ሶምሶማ ውጡ። ካላነከሳችሁና በማግስቱ ካልባሰ ዝግጅታችሁን ቀጥሉ። ካነከሳችሁ ግን ውድድሩን ሳትጠብቁ ታዩ።